ፋሪኛን ያነበባችሁ ካላችሁ፦ ስለ አንድ የመጀመሪያ ልብ ወለድ የተሰጡ 34 መልሶች

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሶቹ 34 ከደረሱ ወዲህ አዲስ የሚገቡ አንባቢዎች ከላይ ጀምሮ ማንበቡ እንደታከታቸው ደጋግመው ስለነገሩኝ፣ የተባለውን በየቁጥሩ ተከትዬ በራሴ አገላለጽ አሰናድቼዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። አንዳንዱ በንዴት የጻፈውን በማግስቱ ተጸጽቶበታል፣ አንዳንዱም የጻፈው በስልክ፣ በታክሲ ወረፋ ላይ ቆሞ ነው፤ እንዲህ ማድረጉ ለሁላችንም ይሻላል። የማዳላበት ቦታ ካለ እያወቅኩ ነው የማዳላው።

የመነሻ ጽሑፌ ውዳሴ ነበር። ሪቻርድ ፋሪኛ በ1966 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን «ቢን ዳውን ሶ ሎንግ ኢት ሉክስ ላይክ አፕ ቱ ሚ» የተባለ ልብ ወለድ በጨረስኩበት ሌሊት የጻፍኩት ስለነበረ ሙቀቱ ገና አልበረደም። መጽሐፉን ላላያችሁት፣ ታሪኩ እንዲህ ነው። ኖሶስ ፓፓዶፑሊስ የተባለ የግሪክ ዘር ያለው ተማሪ አገር ሲዞር ከርሞ፣ ጓዙን ሁሉ በአንድ የጀርባ ቦርሳ አዝሎ፣ አቴኔ ወደምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ ይመለሳል። ለትምህርቱ ብዙም አይጨነቅም፤ ያጨሳል፣ ይጠጣል፣ በባለሥልጣናቱ ያሾፋል፣ አረንጓዴ ረጅም ካልሲ ካደረገች ልጅ ፍቅር ይይዘዋል፣ ተማሪዎቹ በሚያነሡት ዐመፅ ውስጥ ሳይወድ ይገባል፣ በኋላም አብዮት ወደሚቀጣጠልባት ኩባ ይሻገራል። ከሁሉ በላይ፣ በዓለም ላይ የሚደርሰው ነገር እሱን እንደማይመለከተው ያምናል። እኔ ያልኩት፣ የአሜሪካን የስድሳዎቹን አፈንጋጭ ወጣቶች ከውስጥ ሆኖ ያሳየኝ መጽሐፍ ይህ ነው፤ ለመጀመሪያ ሥራ እንዲህ ያለ ድፍረት አላየሁም የሚል ነበር። ደራሲው መጽሐፉ በታተመ በሁለተኛው ቀን፣ በ29 ዓመቱ ስለሞተ ሌላ ልብ ወለድ አልጻፈም። ሁለት ነገር ጠይቄ ጽሑፌን ዘጋሁ፦ ስሜቴን የሚጋራ አለ ወይ? ወደ አማርኛ ቢመለስስ ይነበባል ወይ?

1ኛውን መልስ የሰጠችው በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር አንባቢ ስትሆን፣ ከዚህ በኋላ የመጣውን ሁሉ ሳየው እንዴት ያለ ጨዋ አጀማመር እንደነበረ ይገርመኛል። መጽሐፉን ከአሮጌ መጻሕፍት መሸጫ በርካሽ ገዝታ ወደ ሥራ ስትሄድ አውቶቡስ ውስጥ ታነብበው እንደነበር፣ አንድ ቀን ሁለት ፌርማታ አልፋ እንደወረደች ነገረችን። የወደደችው ታሪኩን ሳይሆን ድምፁን ነው። ፋሪኛ ዱልሲመር የተባለውን ጉልበት ላይ ተጋድሞ የሚመታ ባለ ክር መሣሪያ የሚጫወት ዘፋኝ ስለነበር፣ ዐረፍተ ነገሮቹ ስሜት የሚሰጡት ጮክ ተብለው ሲነበቡ እንደሆነ ጻፈች። አንዱን ገጽ ለባለቤቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ብታነብለት፣ አንድም ነገር ሳይገባው ራሱን እየወዘወዘ እስከ መጨረሻው አዳመጣት።

2ኛው መልስ እርማት ነበር፤ ትክክለኛ እርማት። ልብ ወለዱ የታተመው በስድሳዎቹ ይሁን እንጂ ታሪኩ የሚፈጸመው በ1958 ነው፤ ስለዚህ የስድሳዎቹ መጽሐፍ ማለቴ ስሕተት ነው ተባልኩ። አቴኔ የተባለችውም ከተማ ሌላ ሳትሆን በኒው ዮርክ ግዛት የምትገኘው ኢታካ ናት፤ ፋሪኛም የተማረው እዚያው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1958 የጸደይ ወራት የኮርኔል ተማሪዎች ሴት ተማሪዎች ያለ ተቆጣጣሪ ወደ ወንዶች መኖሪያ እንዳይሄዱ የሚከለክለውን ደንብ ተቃውመው ሰልፍ ወጥተው ነበር፤ በዚያም ምክንያት ከተከሰሱት ተማሪዎች አንዱ ራሱ ፋሪኛ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ሊሆን የሚችለው በአማርኛ ብቻ ይመስለኛል። የ3ኛው መልስ ጸሐፊ ሁለታችንንም ገሠጸን። በ1958 ታተመ እንጂ በ1958 የተፈጸመ ታሪክ አይደለም፣ ሒሳብ እንኳ አታውቁም ብሎ እስከ መሳደብ ደረሰ። 4ኛው መልስ በትዕግሥት ፈታው። መጽሐፉ በገበያ ላይ የዋለው በኤፕሪል 28፣ 1966 ነው፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 20 ቀን 1958 ዓ.ም. ይሆናል። እንግዲህ በ1958 እ.ኤ.አ. የተፈጸመው ታሪክ በ1958 ዓ.ም. ታትሟል፤ ሁለቱም ወገኖች ልክ ናቸው። የ3ኛው መልስ ጸሐፊ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ግን ከስር የሳቅ ምልክት አስቀመጠ።

4ኛው መልስ በዚህ ሳያበቃ አንድ ቁም ነገር ጨመረ። እኛ «የስድሳዎቹ ትውልድ» ስንል የምናስበው መሬት ላራሹ ያለውን፣ በ1966 ዓ.ም. የፈነዳውን አብዮት ያቀጣጠለውን ትውልድ ነው። አሜሪካኖቹ ስድሳዎቹ ሲሉ ደግሞ የሚያልቀው የእኛ ስድሳዎች ገና ሲጀምሩ ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል ስንጠራቸው አንድ ዓይነት ሰዎች እየመሰሉን እንደናገራለን። ይህን ካነበብኩ በኋላ በመነሻ ጽሑፌ ላይ «እ.ኤ.አ.» የሚለውን በየቦታው ጨመርኩ፤ ከዚህ በታችም ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።

5ኛውና 6ኛው መልስ እርስ በርሳቸው የተነጋገሩ ናቸው። አንደኛው እንዲያ ከሆነ መጽሐፉ ስለ ሂፒዎች አይደለም፣ ከእነሱ በፊት ስለነበሩት የሃምሳዎቹ አፈንጋጮች፣ ስለ ቢትኒኮች ነው አለ። የወሊድ መከላከያ እንክብል በአሜሪካ የተፈቀደው በ1960፣ የበርክሌ ተማሪዎች የመናገር ነፃነት ንቅናቄ የተነሣው በ1964 ነው፤ በኖሶስ ዘመን ከእነዚህ አንዱም የለም። ሌላው ግን መጽሐፍ የሚወለደው ሲጻፍ ሳይሆን ሲነበብ ነው በማለት ተከራከረ። በ1966 እና ከዚያ በኋላ ያነበቡት ወጣቶች ኖሶስን እንደ ታላቅ ወንድም ተቀበሉት፤ ከእነሱ በፊት በረሃውን አቋርጦ የመጣ ነውና። እኔ ወደዚህ ሁለተኛው አደላለሁ።

7ኛው መልስ ረጅም ነበር፤ ከርዕሱም ትንሽ ወጣ ብሏል። የጻፉት በካሊፎርኒያ ብዙ ዓመት የኖሩ ሰው ሲሆኑ፣ የስድሳዎቹን አፈንጋጮች ማየት የሚፈልግ ከኢታካ ይልቅ በ1966 እና በ1967 የነበረችውን የሳን ፍራንሲስኮ ሄይት አሽበሪ ሠፈር ይመልከት አሉ። እዚያ ዲገርስ የሚባሉ ቡድኖች በየቀኑ ለመጣው ሁሉ ምግብ ያድሉ ነበር፤ ዳቦውን የሚጋግሩት በባዶ የቡና ጣሳ ውስጥ ስለነበረ ከላይ እንጉዳይ መስሎ ያብጥ ነበር። ወጥ ለመቀበል የሚመጣ ሰው በአንድ ትልቅ የእንጨት ፍሬም መሐል ማለፍ ነበረበት፤ ዓለምን በሌላ መስኮት እንዲያይ ነው። ሁሉም ነገር ያለ ዋጋ የሚወሰድበት ሱቅም ከፍተው ነበር። በኦክቶበር 1967 ግን የሠፈሩ ሰዎች ራሳቸው ሬሳ ሣጥን ተሸክመው «ሂፒ»ን ቀበሩት፤ ጋዜጣው፣ ቱሪስቱና መጠጊያ ያጣው ልጅ በዝቶ ነገሩ ከእጃቸው ወጥቶ ነበርና። ሰውየው ይህን ሁሉ የዘረዘሩት ኖሶስ ለማንም ዳቦ ጋግሮ አያውቅም ለማለት ነው። ስድብ አልነበረበትም፤ ነገር ግን ውዳሴዬ ላይ የመጀመሪያው ጠጠር ያረፈው ያኔ ነው።

በ8ኛው መልስ አንድ ወጣት የመጽሐፉ ርዕስ ዘ ዶርስ ከተባለው ባንድ ዘፈን የተወሰደ ነው ሲል፣ 9ኛው የዶርስ ዘፈን የወጣው በ1971፣ ማለትም ከልብ ወለዱ አምስት ዓመት በኋላ እንደሆነ አሳየው። ሐረጉ ከሁለቱም ይቀድማል፤ የሜምፊሱ የብሉዝ ዘፋኝ ፉሪ ሉዊስ በ1928 ባስቀረጸው ዘፈን ውስጥ ይገኛል። ድሃ ጥቁር ሰው ስለ ችግሩ ያንጎራጎረውን፣ ተማሪ ስለ ድብርቱ ወሰደው የሚል አስተያየትም ታክሎበታል።

ከ10 እስከ 13 ያሉት መልሶች ርዕሱን ለመተርጎም የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው። ታች መኖርን ስለለመድኩት ላይ ያለሁ መሰለኝ የሚለው ሐሳቡን ይዟል፤ ዜማው ግን ጠፍቷል። አንዲት አንባቢ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር አቀረበች። 12ኛው፣ ይህ መምረጥን እንጂ መደንዘዝን አይናገርም ብሎ ጣለው፤ ትክክል ይመስለኛል። 13ኛው «ከመውደቅ ብዛት» ብቻ ተብሎ ይተው አለ። ብዙ የድጋፍ ምልክት ያገኘው እሱ ነው።

14ኛው መልስ በየመጽሐፉ ውይይት የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ ፒዲኤፍ ያለው በነፃ ይላክልኝ። 15ኛው ቆጣ ብሎ ደራሲ በዳቦ ይኖራል አለው። 14ኛው፣ ይህ ደራሲ ከሞተ ስንት ዓመቱ፣ ደግሞስ ከላይ ስለ ነፃ ሱቅና ስለ ነፃ ዳቦ ስታወሩ አልነበረም ወይ ብሎ መለሰ። እውነቱን ለመናገር መልስ ያጣንበት ቦታ ነው። 17ኛውና 18ኛው መልሶች ስድብ ስለነበሩ በአስተባባሪው ተነሥተዋል፤ ቁጥራቸው ግን እንዳለ ነው።

19ኛው መልስ ክሩን ለሁለት ከፈለው። የጻፈችው ሴት ከዚህ በፊት በዚህ ቡድን ውስጥ ስትናገር አይቻት አላውቅም። መጽሐፉን ሁለት ጊዜ እንዳነበበችው፣ ከላይ ያሉት ውዳሴዎች ሁሉ ግን የወንድ ውዳሴዎች እንደሚመስሏት ጀመረች፤ አውቶቡሷን ያሳለፈችውን አንባቢ ዘንግታ አይደለም፣ እሷንም በስም ጠርታ ይቅርታ ጠይቃታለች። ከዚያ ወደ ነገሩ ገባች። ኖሶስ በመጽሐፉ ውስጥ ያቺን የሚወድዳትን ልጅ ለመበቀል፣ ያለ ፈቃዷ በሰውነቷ ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ ያስገባል። 18 መልስ ሲጻፍ ስለ ዱልሲመሩ፣ ስለ ዘመን አቆጣጠሩ፣ ስለ ዘፈኑ ተነጋገርን፤ ይህን ግን አንድም ሰው አላነሣውም። ሳያነብቡት ቀርተው ነው ወይስ አንብበው እንደ ቀልድ አለፉት ብላ ጠየቀች።

20ኛው መልስ የጠበቃ መልስ ነበር። ደራሲና ገጸ ባሕርይ አንድ አይደሉም፣ ፋሪኛ ኖሶስን እያወገዘው ነው፣ መጽሐፉ ሽሙጥ ነው አለ፤ ልቦለድን በዛሬ ሚዛን መመዘን እንደማይገባም አከለበት። ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለውን ክርክር እኔም ብዙ ጊዜ ተከራክሬበታለሁ፤ ስለዚህ የድጋፍ ምልክት ልሰጠው እጄን ዘርግቼ ነበር።

በ21ኛው መልስ ተመልሳ መጣች። ደራሲና ገጸ ባሕርይ አንድ እንዳልሆኑ ለማወቅ ትምህርት እንደማያስፈልጋት፣ ፋሪኛ ኖሶስን እያወገዘ ሊሆን እንደሚችልም እንደምትቀበል ጻፈች። እሷን ያስጨነቃት ደራሲው ሳይሆን አንባቢዎቹ ናቸው። ለዚህም ማስረጃ አድርጋ የእኔን የመነሻ ጽሑፍ አቀረበች፤ የጀርባ ቦርሳውን አስታውሻለሁ፣ ከተማዋን በስሟ ጠርቻለሁ፣ የኖሶስን የአባት ስም ሳይቀር ጽፌያለሁ፤ ልጅቱን ግን ያስታወስኩት በካልሲዋ ነው።

ወደ ላይ ተመልሼ አየሁት። እውነት ነው፤ ስሟን አልጻፍኩም። ክሪስቲን ትባላለች። የካልሲዋን ቀለም ከእነ ርዝመቱ ጽፌ፣ ስሟን ለመጻፍ አልታወሰኝም። የመነሻ ጽሑፉን ላርመው አስቤ ነበር፤ ካረምኩት የ21ኛው መልስ ትርጉም ስለሚጠፋ እንዳለ ተውኩት።

22ኛው መልስ የክሩ ትልቁ ስጦታ ነው። የጻፉት አረጋዊ በ1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ። በአሜሪካ ስለ ሴቶችና ስለ ደንብ የተነሣውን ሰልፍ ሲያነቡ የራሳቸው ሰልፍ እንደታወሳቸው ጀመሩ። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በራስ መኰንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ተማሪው ደግሞ ይህ ሚኒ ስከርት ባህላችንን የሚያጠፋ የኢምፔሪያሊስት ሴራ ነው ብሎ ተቃውሞ ወጣ፤ ነገሩ ወደ ግጭት አምርቶ ዩኒቨርሲቲው እስከ መዘጋት ደረሰ። እንግሊዝኛ የሚቀላቅለውን፣ ፀጉሩን የሚያሳድገውን፣ ቤል ቦተም የሚለብሰውን ጓደኛቸውን ያን ጊዜ «ጆሊ ጃክ» እያሉ ያሾፉበት ነበር። እርሳቸውም በአዳራሹ በር ላይ ቆመው ወደ ውስጥ በሚገቡ ሴቶች ላይ ከጮኹት አንዱ ነበሩ፤ ከሴቶቹ አንዷ የክፍላቸው ተማሪ ነበረች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪመረቁ ድረስ አላነጋገረቻቸውም። የጮኹባትን ቃል አልጻፉትም፤ እንዳልረሱት ግን ገልጸዋል።

ከዚያም ሁለቱን ሰልፎች ጎን ለጎን አኖሯቸው። በ1958 እ.ኤ.አ. የኢታካ ተማሪዎች ሴቶች ወደ ወንዶች ቤት ለመምጣት ለምን ይከለከላሉ ብለው ወጡ። ከአሥር ዓመት በኋላ የአዲስ አበባ ተማሪዎች ሴቶች ለምን እንዲህ ይለብሳሉ ብለው ወጡ። አቅጣጫቸው የተቃረነ ነው፤ በሁለቱም ግን ስለ ሴቶቹ የሚጮኸው በአብዛኛው ወንድ ነበር። በልብ ወለዱ ውስጥም የተማሪው ዐመፅ በመጨረሻ የሚጠቅመው ከበስተጀርባ ሆኖ ክሩን የሚጎትተውን ዑፍ የተባለ ሥልጣን ወዳድ ተማሪ መሆኑን አስታውሰው፣ ይህን ክፍል ሲያነቡ ስለሌላ አገር ያነበቡ እንዳልመሰላቸው ጻፉ።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ጋሼ ይላቸው ጀመር፤ 23ኛው መልስ ከምስጋና በቀር ምንም የለበትም። ግን ክሩ በሰላም አላደረም። 24ኛው፣ የእናንተ ትውልድ አገሪቱን አፍርሶ አሁን ስለ ሚኒ ስከርት ይናዘዛል ብሎ ተነሣ። 25ኛውና 26ኛው ነገሩን ወደ አብዮቱ፣ ወደ ደርግ፣ ማን ማንን ገደለ ወደሚለው ወሰዱት፤ እዚህ የምደግመው ነገር የለበትም። ጋሼ አንድም ቃል አልመለሱም። 27ኛው መልስ የእኔ ነው፤ ሌላ ክር እንዲከፈት ለምኜ፣ ወደ መጽሐፉ እንድንመለስ ጠየቅኩ።

ደግነቱ 28ኛው መልስ ከኢታካ መጣ። ኮርኔል የተማረ ሰው ነው። ከተማዋ በጥልቅ ገደሎችና በፏፏቴዎች መሐል የተቀመጠች መሆኗን፣ ክረምት ሲመጣ ከቤተ መጻሕፍቱ በታች ያለውን ዳገት ለመውጣት ምን ያህል ትንፋሽ እንደሚጠይቅ፣ ከማማው የሚደወለው የደወል ዜማ በበረዶው ላይ እንዴት እንደሚሰማ ጻፈ፤ ሙቅ አገር ላደገ ሰው ኖሶስ ለምን እንደዚያ እንደሚቀባጥር የሚገባው እዚያ ክረምት ሲያልፍ ነው አለ። እሱም ግን አንድ ጥያቄ ነበረው። በኤፕሪል 1969 የኮርኔል ጥቁር ተማሪዎች ዊላርድ ስትሬት የተባለውን ሕንፃ ይዘው አንድ ቀን ተኩል ያህል ከቆዩ በኋላ ጠመንጃ ይዘው ሲወጡ የተነሣው ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። የ1958ቱ ሰልፍ ስለ ፓርቲና ስለ መኝታ ክፍል ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ በዚያው ግቢ የተነሣው ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው። ስድሳዎቹ የምንለው የትኛውን ነው ብሎ ጠየቀ። አልመለስንለትም።

29ኛው መልስ ክሩን ከጠፋበት አወጣው፤ እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። የጻፈችው በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት የምትሠራ ሴት ናት። ልብ ወለዱን ወደ አማርኛ መመለስ የሚፈልግ ሰው ፈተናው ርዕሱ ሳይሆን አንድ ቃል ነው አለች። ኖሶስ ደጋግሞ ስለ ራሱ የሚናገረው፣ ሌላውን ሁሉ የሚያስገድደው ሕግ እሱ ላይ እንደማይሠራ ነው። ይህን በአማርኛ ስናስቀምጠው የሚመጣልን ቃል «ነፃ» ነው። ግን ነፃ ስንቱን ይሸከማል? ከባርነት የወጣው ነፃ ነው። ችሎት ያሰናበተው በነፃ ተለቀቀ ይባላል። ጉምሩክ የማይነካው ዕቃ ከቀረጥ ነፃ ነው። ያለ ዋጋ የሚታደለው ዳቦም በነፃ ነው፤ 14ኛው መልስ የጠየቀው ፒዲኤፍም እንዲሁ። እኔ በመነሻ ጽሑፌ መጽሐፉ ስለ ነፃነት ነው ብዬ ነበር። እሷ ያለችው፣ ኖሶስ የሚፈልገው የባሪያውን ነፃነት ሳይሆን የዕቃውን ነው፤ ቀረጥ ሳይከፍል ማለፍ ነው። ቀረጡን ደግሞ ሌሎች ይከፍሉለታል። ክሪስቲን ትከፍላለች፤ ኩባ ውስጥ በተኩስ የሚሞተው ጓደኛው ሄፋለምፕ ይከፍላል። በመጨረሻ የጦር ሠራዊቱ ጥሪ እሱንም ያገኘዋል።

30ኛው መልስ እንግዲያው ምን እንበለው ሲላት፣ «አይነካኝም» የሚለውን ሰጠችው። ሕፃን ልጅ እሳት አጠገብ ቆሞ የሚለው ቃል ነው፤ ኩራቱም ሞኝነቱም አለበት።

31ኛው ትርጉሙን የበለጠ ገፋው። በመጽሐፉ ውስጥ ዓለም ለሁለት ይከፈላል፤ የነቃውና ያልነቃው። ለዚህ በአማርኛ «አራዳ» እና «ፋራ» እያሉ ቁጭ ብለዋል፣ ምን ፍለጋ እንሄዳለን አለ። አንዱ አንባቢ ፋሪኛ ግን ፋራ አልነበረም ብሎ ቀለደ። ጋሼም ዝምታቸውን የሰበሩት እዚህ ላይ ነው፤ አራዳ መጀመሪያ የሠፈር ስም ሆኖ በኋላ የብልጥ ስም እንደሆነ፣ በእርሳቸው ጊዜም ፋራ ላለመባል ስንቱ የማያምንበትን እንዳደረገ በሁለት መስመር ጻፉ። ይህ 32ኛው ነው።

33ኛው መልስ የ19ኛዋ ጸሐፊ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ተለውጧል። ስለ ደራሲው አሟሟት ያልተባለ ነገር አለ አለች። ኤፕሪል 30 ቀን 1966 በካሊፎርኒያ ካርመል ሸለቆ መጽሐፉን ለአንባቢዎች ሲፈርም ውሎ ወደ ግብዣ ሄደ፤ ግብዣው የባለቤቱ የሚሚ ባዬዝ 21ኛ ዓመት የልደት በዓል ነበር። ከዚያ ከአንድ ሰው ኋላ በሞተር ብስክሌት ተሳፍሮ ወጣ። ነጂው ተረፈ፤ ፋሪኛ ሞተ። ሁላችንም የምናወራው መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ቀን ስለሞተው ደራሲ ነው፤ በልደቷ ቀን ባሏን ስላጣችው ልጅ ግን ማን ያወራል? ሚሚ ራሷ ዘፋኝ ነበረች፤ ከእሱ ጋር ሁለት አልበም አውጥታለች። በ1974 «ብሬድ ኤንድ ሮዝስ» የተባለ ድርጅት አቋቁማ፣ ወደ ሆስፒታሎች፣ ወደ እስር ቤቶችና ወደ አረጋውያን መኖሪያዎች ሙዚቃ ታደርስ ነበር፤ በ2001 ዐርፋለች። ሙዚቃውን የሚያቀርቡት በነፃ እንደነበር ስትጽፍ፣ «በነፃ» የሚለውን ቃል በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብታዋለች።

ለዚህ መልስ የምሰጠው አጣሁ። ሁለት ቀን ቆይቼ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለራሴ መለማመጃ ያህል መተርጎም እንደ ጀመርኩ፣ «አይነካኝም» የሚለውንም እንደያዝኩት ብቻ አሳወቅኋቸው። ከመልሶቹ ቁጥር አልገባም።

34ኛው መልስ ትናንት ማታ የገባ ነው። የጻፈው ያ ፒዲኤፍ የጠየቀው ልጅ ነው፤ ከአንድ ዘመዱ መጽሐፉን ተውሶ አግኝቷል። እጁ የገባው ቅጂ የፋሪኛ የኮርኔል ጓደኛ የነበረው፣ በሠርጉም ላይ ሚዜ የሆነው ልብ ወለድ ጸሐፊው ቶማስ ፒንቾን በ1983 የጻፈው መግቢያ ያለበት ነው፤ ቀድሞ መግቢያውን ያንብብ ወይስ ልብ ወለዱን ብሎ ጠይቋል። መግቢያው ደስ የሚል ነው፤ ሁለቱ ጓደኛሞች የታወቁትን አሜሪካውያን ደራሲዎች፣ አንዱ ሄሚንግዌይን፣ አንዱ ፊትዝጄራልድን መስለው ለብሰው ግብዣ ስለሄዱበት ምሽት ይተርካል፤ ግን ስለ ሞቱም ስለሚናገር ለመጨረሻ ያቆየው ብዬዋለሁ። እስካሁን 40ኛው ገጽ ላይ ደርሷል፤ ኖሶስን ወዶታል።